ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ ማድረግ ነዳጅ አይቆጥብም

ይኸው ደግሞ ተነሳ። የናፍጣ ፎር ዊል መኪና የሚነዳ ሰው ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቢለቀው የነዳጅ ፍጆታው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ምክር ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ምክሩ የቆየ ነው፤ ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ብቅ ይላል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሳ ከመጣ ወዲህ ግን ጨርሶ አልጠፋ አለ። ወሬ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ፤ ሰው ግን አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ይሞክረዋል።

አሽከርካሪውን የሚያሳስተው ጆሮው ነው። በማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ይጮሃል፣ የዙር መቁጠሪያው ቀስት 2,500 አካባቢ ይቆማል። ማርሹን ዜሮ ሲያደርግ ጩኸቱ ጸጥ ይላል፣ ቀስቱም ወደ 700 ይወርዳል። ብዙ ዙር ካለ ብዙ ነዳጅ አለ ብሎ መደምደም ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ድምዳሜው ግን የተገለበጠ ነው፦ ነዳጅ የሚጠጣው ጸጥ ያለው ሞተር ነው።

የናፍጣ ሞተር አየሩን አምቆ በማጋል ነዳጁን ያለ ካንዴላ እንደሚያቀጣጥል የማያውቅ አሽከርካሪ ያለ አይመስለኝም፤ እሱን እንለፈው። ብዙም የማይነገርለት ኃይሉን የሚመጥንበት መንገድ ነው። ቤንዚን ሞተር ላይ እግራችን የሚከፍተውና የሚዘጋው የአየሩን በር ነው፤ ነዳጁ አየሩን ተከትሎ ይመጠናል። ናፍጣ ሞተር ግን በየዙሩ የቻለውን ያህል አየር ይስባል፤ እግራችን የሚያዘው ነዳጁን ብቻ ነው። (አንዳንድ አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ላይም የአየር በር አለ፤ ሥራው ግን በዋናነት ከጭስ ማጣሪያ ጋር የተያያዘ ነው።) ስለዚህ የናፍጣ ሞተር በ2,500 ዙር እየተሽከረከረ አየር ብቻ አስገብቶ አየር ብቻ ሊያስወጣ ይችላል። አንዲት ጠብታ ናፍጣ ሳትቃጠል።

ይህ የኮምፒውተር ዘመን ፈጠራ እንዳይመስለን። በገጠር መንገዶቻችን በምናየው ላንድ ክሩዘር ሃርድ ቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው 1ኤችዜድ የተባለው ሞተር ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ፖምፓው መካኒካል ነው። ፖምፓው ውስጥ ከሞተሩ ጋር አብረው የሚዞሩ ትናንሽ ክብደቶች አሉ። ዙሩ ሲጨምር ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይበረገዳሉ፤ ሲበረገዱ የሚገፉት ዘንግ በፖምፓው ፒስተን ላይ የተጠለቀውን ቀለበት ያንሸራትታል። ፒስተኑ ላይ ቀዳዳ አለ። ቀለበቱ ቀዳዳውን ሸፍኖ እስከቆየ ድረስ ናፍጣው ይታመቅና ወደ ኖዝል ይሄዳል፤ ቀዳዳው ከቀለበቱ ሲወጣ ናፍጣው ተመልሶ ፖምፓው ሆድ ውስጥ ይፈሳል። ከክብደቶቹ ጋር የሚታገለው ደግሞ ሞላ ነው፤ ሞላውን የሚወጥረው የእኛ እግር ነው። እንግዲህ ቁልቁለት ላይ እግር ሲነሳ አስቡት። ሞላው ይላላል፣ ጎማው ግን በማርሹ በኩል ሞተሩን በኃይል ያዞረዋል፣ ክብደቶቹ ያሸንፋሉ፣ ቀለበቱ ወደ ዜሮ ይንሸራተታል። ፒስተኑ ይመላለሳል፤ የሚገፋው ናፍጣ ሁሉ ግን ኖዝል ሳይደርስ ወደ ሆዱ ይመለሳል። ዙሩ ወርዶ መካኒኮች ሚኒሞ ወደሚሉት ዝቅተኛ ዙር ሲጠጋ ብቻ ክብደቶቹ ይሰበሰቡና ነዳጅ እንደገና ይለቀቃል። በአዳዲሶቹ ላይ ያንኑ ሥራ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን ባለመክፈት ይሠራዋል፤ የፍጆታ መቁጠሪያ ያለው መኪና ላይ በዚያ ቅጽበት 0.0 የሚል ይነበባል።

ማርሹ ዜሮ ሲሆን ጎማው ከሞተሩ ይለያያል። ሞተሩን የሚያዞረው አካል የለም፤ እንዳይጠፋ ናፍጣ መቃጠል አለበት።

በቁጥር እንየው። ከጎሐ ፅዮን እስከ አባይ ድልድይ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፍታው 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና ከዚህ ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 34 ሜጋ ጁል ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ካለው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ሚኒሞ ላይ ያለ እንዲህ ያለ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣልና በዜሮ ማርሽ የወረደው ሰው ድልድዩ ጋ እስኪደርስ ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር ያቃጥላል። በማርሽ የወረደው ምንም አያቃጥልም ማለት ይቻላል።

ያ 34 ሜጋ ጁል ደግሞ የሆነ ቦታ መግባት አለበት። የጎማው መንከባለልና ንፋሱ ከ9 እስከ 10 ያህሉን ይበላሉ። የቀረው በማርሽ ከሆነ ሞተሩና ፍሬኑ ይካፈሉታል፤ በዜሮ ማርሽ ከሆነ ጠቅላላው ፍሬን ላይ ያርፋል። የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረግጡት አይዝም። ሞተሩን ጭራሽ አጥፍቶ የሚወርድም አለ፤ የናፍጣ መኪና ፍሬን ማገዣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሞተሩ በሚያዞረው ቫክዩም ፖምፕ ስለሆነ፣ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንበታል፤ መሪውም ይከብደዋል።

ሞተሩ ያግዛል ስል ግን እንዳላጋንን። የናፍጣ ሞተር ቁልቁለት ላይ የሚይዘው አየር ስለሚያምቅ ነው የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የታመቀ አየር ግን ፒስተኑን መልሶ ይገፋዋል፤ የተቀበለውን አብዛኛውን ይመልሳል። የሚይዘው በዋናነት ሰበቃና አየር የማስገባት የማስወጣት ድካም ነው፤ የአየር በር ስለማይዘጋም የናፍጣ ሞተር አያያዝ እኩል መጠን ካለው የቤንዚን ሞተር ይደክማል። ከባድ መኪናዎች ላይ የጭስ ማውጫን የሚዘጋ ተጨማሪ ፍሬን የሚገጠመው ለዚህ ነው። እናም ማርሹ ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

ሌላም አለ፣ እዚህ ላይ ባለሙያዎችም ይከራከራሉ። ቁልቁለቱ እምብዛም የማይታወቅ፣ በመቶ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ብቻ የሚወርድ ሲሆን በማርሽ የተተወ መኪና ፍጥነቱን ያጣል፣ አሽከርካሪው ነዳጅ መስጠት ይኖርበታል፤ በዜሮ ማርሽ ግን ይንከባለላል። እዚያ ላይ የዜሮ ማርሹ ሰው ጥቂት ሊያተርፍ ይችላል። ሂሳቡ አይካድም። በአውቶማቲክ ካምቢዮም ነገሩ ይለያያል፦ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የዘይት ማያያዣ ካልተቆለፈ ዙሩ ቶሎ ይወርድና ነዳጁ ቶሎ ይመለሳል። ያረጀ ፖምፓም ቀለበቱን እስከ ዜሮ ላይመልስ ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ግን «በግማሽ ይቀንሳል» የሚለውን አያድነውም።

ታዲያ ናፍጣው የት ይገባል? ከተማ ውስጥ ዋናው ተጠያቂ ክብደትና ፍሬን ነው። 2.5 ቶን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚሸከመው ጉልበት 350 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ሞተሩ ከናፍጣው ሲሶውን ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ፣ ያንን ጉልበት ለማግኘት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቃጠላል፤ ግማሽ የቡና ሲኒ አይሞላም። ከመብራት ወደ መብራት እየተፈተለኩ ፍሬን መያዝ በእያንዳንዱ መብራት ያንኑ ያህል ናፍጣ አስፋልት ላይ መድፋት ነው። ቀዩን ከሩቅ አይቶ እግርን ማንሳት፣ ማርሹን ሳይነኩ፣ ከየትኛውም የነዳጅ መጨመሪያ ቅመም ይሻላል።

ስለ ከፍታም ብዙ ይባላል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት በቂ አየር ስለሚያጣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚተፋው ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ገንዘብ ነው። እግር ቀለል ሲል ግን የናፍጣ ሞተር ከሚያስፈልገው በላይ አየር ስላለው ከፍታው ብዙም አያስቸግረውም። እንዲያውም የሳሳው አየር መኪናውን በአንድ አምስተኛ ያነሰ ይገፋዋል፤ ፖርቶ መጋላ የጫነ ሃርድ ቶፕ ባለቤት ይህን ቢያውቅ ይደሰት ነበር።

አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መንዳት ደግሞ ምንም ጥቅም የለውም። ኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም፤ መሐል ላይ ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል ከሌለ ጎማ ይፋቃል፣ ዘንጎች ይጠማዘዛሉ፣ ናፍጣም ይሄዳል።

ፍጆታውን ራሱ መለካት የሚፈልግ ሰው ታንከሩን አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ነድቶ፣ እዚያው ማደያ ተመልሶ ይሙላ፤ ናፍጣ አረፋ ስለሚሠራ አረፋው እስኪወርድ ይጠብቅ። አንድ ሙሊት ብቻውን ምንም አይናገርም። ጎማውን ከፋብሪካው መጠን ወደ ተለቀ የቀየረ ሰውማ ተጨማሪ ሥራ አለበት፦ ጎማው በመቶ 5 ከተለቀ፣ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናው የሄደው 105 ነው፤ በሊትር ስንት ሄደ የሚለውን ከማስላቱ በፊት ያንን መጨመር አለበት።