ቍጥርን ማንበብ ስለ ማወቅ

ፊደል የቈጠረ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው የሚያነብለት አይፈልግም። ቍጥር ሲቀርብለት ግን ከመካከላችን የሚበዛው የተባለውን ተቀብሎ ያልፋል። ቍጥርም እንደ ማናቸውም ጽሑፍ ጸሓፊ፥ ቀንና ምክንያት ያለው ነገር ነው።

ለምሳሌ ያህል የደቡብ ጎንደርን ነገር እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቈጠራ በዞኑ 2,051,738፥ በደብረ ታቦር ከተማ 55,596 ሰዎች ተመዝግበዋል። የዞኑ ሕዝብ ለቆዳ ስፋቱ ሲካፈል በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ145 የሚበልጥ ሰው ይደርሳል። ይህ አማካይ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመውን የጉናን ብርዳማ ራስና የፎገራን የሩዝ ሜዳ እኩል አድርጎ ያሳያልና፥ በእርሱ ብቻ ተመርቶ ለጤና ጣቢያ ቦታ የሚመርጥ ሹም መሳሳቱ አይቀርም።

ከዚህ የሚከብድ ጕዳይም አለ። በዚያው ቈጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገኘ። ቀደም ብሎ የተሰላው ትንበያ ግን ከዚህ በሁለት ሚሊዮን በላይ ይበልጥ ስለ ነበር፥ ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ ብርቱ ክርክር ተነሣ። «ሁለት ሚሊዮን ሰው ጠፋ» ያለም ብዙ ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማስተዋል ይገባል። ትንበያ ማለት አንድ በአንድ የተቈጠረ ሰው ሳይሆን፥ የወሊዱ፥ የሞቱና የፍልሰቱ መጠን እንዲህ ቢሆን ተብሎ የተሰላ ሒሳብ ነው። ስለዚህም ወሊድ ከታሰበው አንሶ፥ ሞት ወይም ፍልሰት በዝቶ፥ አለዚያም ቈጣሪው ያልደረሰበት ቤት ኖሮ ሊሆን ይችላል። «ጠፋ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ «ትንበያው ስሕተት ነበር» ብሎ መዝገቡን መዝጋትም እንዲሁ ነው። ለክልሎች የሚከፋፈለው የፌዴራል ድጎማ የሕዝብን ብዛት የሚመለከት ነውና፥ ጥያቄው የትምህርት ቤትና የመንገድ ጥያቄ ነበር።

አራተኛው ቈጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ ሳይሆን ቀረ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. እንደገና ተላለፈ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በዜና የምትሰሙት የከተማ ሕዝብ ብዛት በስሌት የተገኘ ነው።

ዛሬ ደግሞ ደጃፍ ሳያንኳኳ የሚቈጥረን ቈጣሪ መጥቷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር የከፋዩን ገንዘብ፥ ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቍጥር ደግሞ ማንነቱን ይመዘግባል። ነገር ግን የቴሌብር መዝገብ በደብረ ታቦር ገበያ ድንቹን በጥሬ ገንዘብ የሚሸጠውን የፋርጣ ገበሬ አያውቀውም፤ ከዚህ መዝገብ ብቻ ተነሥቶ ስለ ገበያው የሚናገር ሰው ስለ ባለ ስልኮች ብቻ መናገሩ ነው። በየመሥሪያ ቤታችንም «90 በመቶ ተፈጽሟል» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ (ይህ ቍጥር ምን ያህል እንደሚወደድ ታውቃላችሁ) ከስንቱ 90 እንደ ሆነ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

በመዝገብ ስሙ ወይም ዕድሜው ተሳስቶ የገባበት ባለጕዳይ በፊታችሁ ሲቆም፥ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321 እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታልና፥ መልሱ «ኮምፒዩተሩ እንዲህ ይላል» ሊሆን አይችልም።