ሐዲዱ ካበቃበት ወዲያ

ካርቱም ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው ሐሩር፣ አሸዋና የሁለቱ ዓባዮች መገናኛ ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን በመተማ በኩል በረሃውን አቋርጠው ወደ ሱዳን የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን እዚያ ሲደርሱ ያገኙት ግን ሌላ ነበር። መንገዶቹ በመሐንዲስ ማስመሪያ የተቀየሱ፣ በ1895 ዓ.ም. የተከፈተ ኮሌጅና በ1916 ዓ.ም. የተቋቋመ የሕክምና ትምህርት ቤት ያለው፣ ትራም የሚመላለስበት ከተማ ነበር። በጥቁር ዓባይ ላይ በተዘረጋው የብረት ድልድይም ባቡር ያልፍ ነበር።

ይህ ባቡር ለከተማው ጌጥ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። በ1889 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ወደ ካርቱም ለመዝመት ሲነሣ፣ ሠራዊቱን የሚመግብበት መንገድ አስፈለገው። ዓባይ በፏፏቴ የተቆራረጠ ስለሆነ፣ ከዋዲ ሐልፋ እስከ አቡ ሐመድ 370 ኪሎ ሜትር ያህል በደረቅ በረሃ ላይ ሐዲድ እንዲዘረጋ አዘዘ። ሥራውን የመራው ዠሩዋር የተባለው ካናዳዊ መሐንዲስ ገና የ30 ዓመት ወጣት ነበር። በበረሃው ስም ያለው መንደር ስላልነበረ ጣቢያዎቹ በቁጥር ተጠሩ፤ ውሃ የተገኘውም በ4ኛውና በ6ኛው ጣቢያ ብቻ ነበር። ሐዲዱ በ1892 ዓ.ም. ከካርቱም ማዶ ደረሰ። ከዚያ በፊት ግን ባቡሩ ያመላለሰው ስንቅና ጥይት የኦምዱርማንን ጦርነት ወስኖ አብቅቶ ነበር።

ያው ሐዲድ ከ40 ዓመት በኋላ ሌላ መንገደኛ አሳፈረ። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ በስደት የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር በአየር ተነሥተው በግብፅ በኩል ዋዲ ሐልፋ ደረሱ። የካርቱም ባለሥልጣኖች ለመምጣታቸው ዝግጁ ስላልነበሩ ጥቂት ቀን እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚያም በባቡር ያንን በረሃ አቋርጠው ካርቱም ገቡ። የጠበቃቸው ግን የተሰለፈ ሠራዊት ሳይሆን ወራት የፈጀ ትዕግሥትና ክርክር ነበር።

ያ ጊዜ በከንቱ አላለፈም። ከካርቱም አጠገብ በሶባ ለስደተኛ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኋላ ጄኔራል የሆኑት መንግሥቱ ንዋይ እዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። በመኰንንነት ትምህርት ቤት ያለፍን ሁሉ፣ ከእኛ በፊት በሰው አገር ሙቀት፣ አገር ሳይኖራቸው ለአገር የሠለጠኑ መኖራቸውን ልናስታውስ ይገባል።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከዚያ ወዲያ ሐዲድ የለም። ወደ ጎጃም ጭነት እንዲያደርሱ ከሱዳን ከተነሡት 15,000 ያህል ግመሎች እስከ ጉዞው መጨረሻ የዘለቁት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። የተቀረውን የፈጸመው የአርበኛው እግር ነበር። ባቡርም ትራምም ሳይኖረው አምስት ዓመት በዱር በገደል የታገለው ሕዝብ ባይጠብቅ ኖሮ፣ ከካርቱም የተነሣው ጉዞ ሁሉ ከድንበር ባላለፈ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተገባው በዚህ ሁኔታ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ካርታ ዘርግታችሁ ከዋዲ ሐልፋ እስከ ካርቱም፣ ከካርቱም እስከ ኦሜድላ በጣታችሁ ተከተሉ። ሐዲዱ የት እንዳበቃና የሰው ጉልበት ከየት እንደጀመረ አሳዩአቸው። ከዚያም አንድ ነገር ጨምራችሁ ንገሯቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ፣ ያ ያማረ ከተማ በገዛ ልጆቹ ጥይት ተመታ፤ ብዙ ሱዳናውያን ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ይዘው በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሰደዱ። ትናንት አባቶቻችን ተርበው የሄዱበት መንገድ ነው። ያኔ ውሃና ጥላ ያልነፈገን ሕዝብ ዛሬ በራችንን ሲያንኳኳ፣ ልጆቻችን በሩን ማን እንደሚከፍት ከእኛ አይተው ይማራሉ።