በመልሕቅ ስለሚያድር ቤት

የጣና ታንኳ የደንገል ሥራ ናትና ውሃ ስለሚገባባት ከጉዞ በኋላ በዳር ትደርቃለች እንጂ ቤት ሆና አታሳድርም። በሩቅ ባሕር ግን ባልና ሚስት ዓመት ሙሉ የሚኖሩባቸው ባለ ሸራ ጀልባዎች አሉ።

የቦረናዋ መካነ ሰላምና በካሪቢያን ባሕር ያለችው የትሪኒዳድ ደሴት ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10ኛውና በ11ኛው ዲግሪ መካከል ስለሚገኙ የቀናቸው ርዝመት ይተካከላል፤ ነገር ግን መካነ ሰላም ደጋ ናት፥ ያችኛይቱ ሐሩር። ከሰኔ እስከ ኅዳር ታላቁ ዐውሎ ነፋስ በሚነሣበት ወራት ብዙ ጀልባዎች በደሴቲቱ በሻጓራማስ ወደብ ይጠለላሉ፤ ዐውሎው ወደዚያ የሚደርሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነውና።

የውቅያኖስ ውሃ በ1 ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለበት አይጠጣም። ስለዚህ በውሃ መካከል ተቀምጠው ውሃ ይቸግራቸዋል። ዝናም ሲመጣ ሸራ ዘርግተው ይቀበላሉ፤ የምግቡን ዕቃ በባሕር ውሃ አጥበው በጥቂት ንጹሕ ውሃ ያለቀልቁታል።

የመልሕቁ ገመድ ከውሃው ጥልቀት እስከ 7 እጥፍ ይለቀቃል፤ ቢያጥር መልሕቁ መሬቱን ሳይነክስ ይጎተታል፥ ቤቱም ከነሰዎቹ ከዓለት ይጋጫል። ነፋስ በበረታ ሌሊት ባልና ሚስት በተራ ይነቃሉ።

በዚያች ጠባብ ቤት አሽከርም ገረድም ስለሌለ፥ ውሃውን የሚለካው ባልም ጭምር ነው። ከምንጭ ቀድታ፥ ተሸክማ ዳገት የምትወጣው የቦረና ሴት ይህን ቁጥባ ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች። እኛ የምንለምነው፥ የቤቱ ጌታም የእንስራውን ክብደት አንድ ቀን በገዛ ትከሻው እንዲመዝነው ነው።