ያውቁ ኖሯል? ዋግን የሚያጋልጡ ቀለሞች

(ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

• አምቦ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ ግንድ ዋግ የተባለውን ፈንገስ ናሙና እየተቀበለ የዋጉን ዘር ይለያል። ዋጉ በ20 የታወቁ የስንዴ ዓይነቶች ቡቃያ ላይ ይረጫል፤ የትኛው እንደተጠቃና የትኛው እንደተቋቋመ ታይቶ ማንነቱ ይታወቃል።

• ከጊንጪ እስከ ጌዶ ያለ ገበሬ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት ሲያይ፣ ቢጫ ዋግ ውስጥ ውስጡን ክሩን ከዘረጋ 2 ሳምንት ገደማ ሆኖታል።

• ያን ስውር ክር የሚያጋልጠው ራሱ የስንዴ ፅንስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው! ፕሮቲኑ የፈንገስ ግድግዳ ከተሠራበት ካይቲን ጋር ይጣበቃል። ተመራማሪዎች ቅጠሉን በአልካሊ ቀቅለው ያነጡታል፤ ከዚያም ፍሎረሰንት ቀለም በተያያዘበት በዚህ ፕሮቲን ይነክሩታል። በማይክሮስኮፕ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት የዋጉ ክር አረንጓዴ ያበራል። ስንዴው ጠላቱን በገዛ ፕሮቲኑ አስያዘ ማለት ነው።

• አረንጓዴውን ብርሃን የሚሰጠው የፍሎረሲን ቤተሰብ ነው። ፍሎረሲንን በ1871 የሠራው ጀርመናዊው አዶልፍ ፎን ባየር ነው።

• ካልኮፍሎር የተባለው ቀለም ልብስና ወረቀት ለማንጣት ያገለግል ነበር። ዛሬ የሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ፈንገስ ይፈልግበታል።

• የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም ኦራሚን በተባለ ቀለም ሲነከር በጨለማ መደብ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ያበራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ለዚህ ምርመራ የኤልኢዲ ማይክሮስኮፕ እንዲውል መክሯል።

• ቀለምን ከሚፈለገው ሞለኪውል ጋር ማያያዝ ዋናው ፈተና ነው። ክሊክ ኬሚስትሪ የተባለው ዘዴ ሁለት መንጠቆ ያዘጋጃል፤ አንዱ ሞለኪውሉ ላይ፣ ሌላው ቀለሙ ላይ። አዛይድ የተባለው መንጠቆ 3 የናይትሮጅን አቶሞች ብቻ ስለሆነ ሞለኪውሉን ከሥራው አያውከውም።

• ሞርተን ሜልዳልና ባሪ ሻርፕለስ በ2002፣ ለየብቻቸው ሲሠሩ፣ መዳብ መንጠቆዎቹን በፍጥነት እንደሚያጋጥም ደረሱበት። ከግጥሚያው የሚገኘው ቀለበት ትራያዞል ይባላል። ለዋግ የሚረጨው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ፕሮፒኮናዞልም የዚሁ ዘመድ የሆነ ቀለበት አለው፤ ልዩነቱ የናይትሮጅኖቹ አቀማመጥ ነው።

• መዳብ ግን ሕያው ሕዋስን ይመርዛል። ካሮሊን በርቶዚ በ2004 የተወጠረ ቀለበት ተጠቅማ መንጠቆዎቹን ያለ መዳብ አጋጠመች፤ በ2008 ቡድኗ በሕይወት ባለ የዓሣ ሽል ላይ ያሉ ስኳሮችን በቀለም አበራ። ሦስቱም በ2022 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተጋሩ፤ ለሻርፕለስ ሁለተኛው ነበር።