በግድግዳ ቀዳዳ የሚገባው ኤሲ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የቆየ አፓርታማ የተከራየ፣ ወይም በአሜሪካ አውራ ጎዳና ዳር ሆቴል ያደረ ሰው ያውቀዋል። ከመስኮቱ ሥር፣ ግማሹ ቤት ውስጥ ግማሹ ደጅ የሆነ ረዘም ያለ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። በሐምሌ ያቀዘቅዛል፣ በጥር ያሞቃል፣ ሌሊት ድንገት ሲነሣ ደግሞ የተኛን ይቀሰቅሳል። የሆቴል ጥገና ሠራተኞች ፒታክ ይሉታል። የድሬዳዋ ልጅ ኤሲ አይገርመውም፤ የደጋ ሰው ግን ሲሞቀው መስኮት ከፍቶ፣ ሲበርደው ጋቢ ደርቦ ስላደገ፣ ከዚህ ሣጥን ጋር የሚተዋወቀው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ነው።

ሣጥኑ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ የቀረው ባዶ የብረት ቤት ሲሆን ስሊቭ ይባላል። ሌላው እንደ መሳቢያ ተስቦ የሚወጣው ማሽን ነው። ማሽኑ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት በጋዝ አሸክሞ ደጅ ያራግፋል፤ ሂት ፓምፕ ያለው ከሆነ ደግሞ በብርድ ወቅት የጋዙን መንገድ ገልብጦ ከደጅ አየር ሙቀት ለቅሞ ያስገባል።

የዲሲ የሐምሌ እርጥበት ላብ በላብ ያደርጋል። ያ እርጥበት ጋዙ ከሚያልፍበት ቀዝቃዛ ቧንቧ፣ ከኮይሉ ላይ፣ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብና ወደ ኋላ፣ ወደ ማሽኑ ወለል ይወርዳል። እዚያ የውጭው ፋን ጠርዝ ላይ ያለ ቀለበት ውሃውን እየጠለቀ በጋለው የውጭ ኮይል ላይ ይረጨዋል። ውሃው ተንኖ ሲጠፋ ኮይሉም አብሮ ይበርዳል። በወበቅ ቀን ከሣጥኑ የሚሰማው የመንቦጫረቅ ድምፅ ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ይደውላል። አንዳንዱ ይባስ ብሎ ውሃው እንዲወጣ ሥሩን በመሰርሰሪያ ይበሳዋል፤ ይህ ማሽኑን የሚረዳውን ውሃ መንጠቅ ነው። ውሃው ወደ ክፍሉ የሚፈስ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ስሊቩ ወደ ውጭ ትንሽ ማዘንበል ሲገባው ወደ ውስጥ አዘንብሏል፣ ወይም የውሃው መሄጃ በቆሻሻ ተደፍኗል።

አዲስ የሚገዛ ሰው ስለ ብራንድ ከመጠየቁ በፊት ሜትር ይያዝ። የተለመደው የፒታክ ስሊቭ 42 ኢንች ስፋትና 16 ኢንች ቁመት አለው፤ በቆዩ ሕንፃዎች ግን ከዚህ የወጣ ልክ ያጋጥማል፣ ያኔ ለዚያ ልክ የተሠራ ማሽን መፈለግ ግድ ይሆናል። የመስኮት ኤሲ በርካሽ ገዝቶ ግድግዳው ውስጥ መሸጎጥ አያዋጣም። የመስኮት ኤሲ አየር የሚስበው በጎኖቹ ስለሆነ ግድግዳው ያፍነዋል፤ የግድግዳው ግን በጀርባው ይተነፍሳል። ቀጥሎ የሚታየው ሶኬት ነው። አንዳንዱ ሕንፃ 230 ቮልት፣ አንዳንድ ትልልቅ ሕንፃ ደግሞ 265 ቮልት ይሰጣል፤ የመሰኪያዎቹ ቅርጽ የተለያየው ሰው እንዳያደባልቃቸው ተብሎ ነው። አልገባ ያለውን በማራዘሚያ ገመድ ማታለል የእሳት አደጋ መጥራት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ጉልበቱ የሚመጣው። ልኩ ቢቲዩ ሲሆን፣ ለአንድ ስኩዌር ፊት 20 ቢቲዩ ገደማ ይታሰባል፤ 300 ስኩዌር ፊት ክፍል 6,000 ይፈልጋል ማለት ነው። ፀሐይ የሚመታው ከሆነ 10 በመቶ፣ ከሁለት ሰው በላይ ለሚያዘወትር እያንዳንዱ ሰው 600፣ ምግብ የሚበስልበት ከሆነ 4,000 ይጨመራል። ሽንኩርት ለሰዓታት በሚቁላላበት፣ ቡናም ከነጭሱ በሚፈላበት ቤት ይህ የመጨረሻው ጭማሪ ሲያንስ እንጂ ሲበዛ አይታየኝም። «ለማንኛውም ትልቁን» ማለት ግን ስሕተት ነው። የተጋነነ ማሽን ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ወዲያው ተመልሶ ይነሣል፤ እርጥበቱን ለማውጣት የሚበቃ ጊዜ ስለማይሠራ ክፍሉ እየቀዘቀዘም ያጣብቃል።

የማሞቂያው ምርጫ በሂሳብ ላይ ጎልቶ ይታያል። በሚግል ሽቦ ብቻ የሚያሞቅ ማሽን ዋጋው ይረክሳል፤ ነገር ግን 3.5 ኪሎዋት ሽቦ ለ8 ሰዓት ሳይቋረጥ ከነደደ 28 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። ሂት ፓምፕ ሙቀትን ከደጅ ስለሚያመጣ፣ ብርዱ መካከለኛ በሆነ ቀን በግማሹና ከዚያም ባነሰ ኤሌክትሪክ ያንኑ ሙቀት ይሰጣል። የደጁ አየር ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ብዙዎቹ ሥራውን ለሽቦው ያስረክባሉ። የዲሲ ብርድ ወቅት አብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ እኔ ብሆን የዋጋውን ልዩነት ከፍዬ ሂት ፓምፑን እወስዳለሁ።

እንክብካቤው አየር እንዳይታፈን መጠበቅ ነው። የፊቱን ክዳን ሲነቅሉት እንደ ወንፊት ያለ ፊልተር ይገኛል፤ ማሽኑ በሚሠራባቸው ወራት በወር አንዴ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ፣ ጠፈፍ ሳይሆን ድርቅ ብሎ ይመለሳል። ከኋላው ያሉት የአልሙኒየም ቅጠሎች ስስ ናቸው፣ ጥፍር ያጎብጣቸዋል፤ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ታች ብቻ ይጠረጋሉ። በዓመት አንዴ ማሽኑን ሁለት ሰው ሆኖ ስቦ አውጥቶ የጀርባውን ኮይል ማጠብ ያስፈልጋል። ይህ በባለሙያ ቢሆን ይመረጣል። ሶፋ አስጠግቶ ማስቀመጥም ጉዳት አለው፤ የወጣው ቀዝቃዛ አየር ተመልሶ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ቴርሞስታት ስለሚመታው፣ ክፍሉ ገና ሳይበርድ ማሽኑ «በቃ» ይላል።

በብርድ ወቅት ከሣጥኑ ነፋስ የሚገባ ከሆነ መጀመሪያ ንጹሕ አየር የምታስገባዋ ትንሽ በር መዘጋቷን ማየት፣ ቀጥሎ በስሊቩና በማሽኑ መካከል ያለውን የላላ ስፖንጅ መለወጥ ነው። ማሽኑ የሚያሞቀው በሂት ፓምፕ ከሆነ የውጭ ፊቱን በላስቲክ መሸፈን አይሆንም። በማቀዝቀዝ ላይ እያለ ኮይሉ በረዶ ከሠራ ደግሞ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ፋኑን ብቻ ማስኬድ፣ ከዚያ ፊልተሩን ማየት። ጠፍቶ የነበረውን ሦስት ደቂቃ ያህል ታግሦ ማስነሣት ጋዙን ለሚገፋው ኮምፕሬሰር ዕድሜ ነው።

ኮምፕሬሰሩ ከሞተ ግን ማስጠገኑ እምብዛም አያዋጣም። አዲሱ ማሽን በዚያው ስሊቭ ተገፍቶ ይገባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የሚመረቱት በአር-410ኤ ፈንታ እንደ አር-32 ያሉ የአየር ንብረትን በእጅጉ ባነሰ መጠን የሚጎዱ ጋዞች ይዘዋል፤ አር-32 በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ቧንቧውን ፈቃድ የሌለው ሰው አይነካም። አሮጌውንም ደጅ ወርውሮ መሄድ የለም፤ ጋዙ በባለሙያ መቀዳት እንዳለበት ሕጉ ስለሚያዝ፣ ሻጩ አሮጌውን ይወስድ እንደሆነ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው።