ጠቢብና ጠይብ

አንድ የገጠር ሰርግ እናስብ። የዳሱ እንጨት የተቆረጠበትን መጥረቢያ የሠራው ቀጥቃጭ ነው። እንጀራው የተጋገረበት ምጣድ፣ ጠላው የተጠመቀበት ጋን፣ ቡናው የሚቀዳበት ጀበና ከሸክላ ሠሪዋ እጅ የወጡ ናቸው። የሙሽራዋን ቀሚስ የሠራው ሸማኔ ነው። ሙሽራው በተቀመጠባት በቅሎ ኮርቻ ላይ የፋቂው ድካም አለ። ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ግን ልጁን ለዚያ ሙሽራ ለመዳር ቢያስብ፣ ሽማግሌ መላክ ይቅርና ወሬው ራሱ ነውር ይባል ነበር። “ነበር” ያልኩት ለጨዋነት ነው፤ በብዙ ቦታ ዛሬም ይባላል።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ልብ አለው። “ጥበብ” ስንል የሰለሞንን ማስተዋል ማለታችን ነው፤ የሐበሻ ቀሚስን ጥለትም እንዲሁ እንጠራዋለን። “ጠቢብ” ክብር ነው። ከዚያው ሥር የወጣው “ጠይብ” ግን ስድብ ሆነ። በትግርኛ ደግሞ ልዩነቱ እንኳ የለም፤ “ጠቢብ” የእጅ ባለሙያውም፣ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚባለውም መጠሪያ ነው። እጁ የሚያውቅ ሰው ያስፈራል ማለት ነው። ብረትን በእሳት የሚያቀልጥ፣ ጭቃን ወደ እንስራ የሚለውጥ ሰው ሌሊት ራሱን ወደ ጅብ ይለውጣል ብሎ ለማመን ብዙ መንገድ አልቀረም።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ የዚህ የንቀት በሽታ የመጀመሪያው ይፋዊ ምርመራ ሊባል ይችላል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁቲት፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ መስደብ አገሪቱን ባለሙያ አልባ እንደሚያደርጋት ይናገራል፤ ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን ያስታውሳል፤ ተሳዳቢው እንደሚታሰርም ያስጠነቅቃል። አዋጁ የንጉሥን ችግርም ያሳያል። ድልድይ፣ ባቡር፣ ስልክ የሚፈልግ መንግሥት፣ መዶሻ የያዘን ሁሉ የሚጸየፍ ሕዝብ ይዞ የት ይደርሳል? ከእሳቸው በፊት አጼ ቴዎድሮስም ሰባስቶፖል የተባለውን መድፍ ለማሠራት የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ጋፋት ላይ ማስቀመጥ ነበረባቸው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ንቀቱ ወጥ አለመሆኑ ነው። በሰሜኑና በሸዋ “ቁቲት” የተባለው ሸማኔ ጨንቻ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ማንም በንቀት አያየውም ነበር። በጋሞ ደጋማ ቦታዎች፣ ዶርዜን ጨምሮ፣ ሽመና የማላዎች ማለትም የባለመሬቶቹና የባለመብቶቹ ሥራ ነው፤ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች። እዚያው ጋሞ ውስጥ ግን ሸክላ ሠሪዎቹ ማናዎችና ቆዳ የሚፍቁት ደጋላዎች ከማላው ጋር አይጋቡም፤ በጉባኤም እኩል ድምፅ አልነበራቸውም። ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ወርደን ኮንሶ ስንገባ ነገሩ እንደገና ይገለበጣል፤ እዚያ ሸማኔው ከቀጥቃጩ ጋር ሐውዳ ተብሎ ከገበሬው ተለይቶ ኖሯል። ያው ድር፣ ያው ማግ፣ ያው መወርወሪያ ነው። ሥራው በራሱ የሚያረክስ ቢሆን ኖሮ ተራራ በተሻገርን ቁጥር ፍርዱ ባልተለወጠ ነበር።

ጉራጌ ዘንድ ያሉት የፉጋዎች ነገር ደግሞ አለ። ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ እንጨት ጠራቢው ፉጋ የቤቱን ምሰሶ ካላቆመ ቤት አይቆምም ነበር። መሬት እንዲያርስ ግን አይፈቀድለትም ነበር፤ አፈሩን ያመክነዋል ይባል ነበርና። ማኅበረሰቡ ምሰሶውን ለዚህ ሰው አምኖ እየሰጠ እንሰቱን እንዲነካ ግን አይፈቅድለትም ነበር። ከዚህ ንቀት በስተጀርባ መሬትን ማን ይያዝ የሚል ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። መሬት የሌለው በእጁ ሙያ ያድራል፤ በእጁ ሙያ ያደረ ይጠረጠራል፤ የተጠረጠረ መሬት አያገኝም።

የቤተ እስራኤል ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች ታሪክ ይህን አዙሪት በግልጽ ያሳያል። እንደ ጄምስ ኲሪን ያሉ የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ርስት በመነጠቃቸው ነው ወደ ቀጥቃጭነትና ወደ ሸክላ የተገፉት፤ ቡዳ የሚለው ስም የተለጠፈባቸውም በዚሁ ሙያ ሰበብ ነው። ሐጋር ሳላሞን በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ እነሱ ያሳተመችው መጽሐፍ ርዕስ “የጅብ ሰዎች” የሚል መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲበሩ፣ ብዙዎች ያ ስም ከኋላቸው የቀረ መስሏቸው ነበር። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ኢትዮጵያውያኑ የለገሱት ደም ኤችአይቪ ተፈርቶ በስውር ሲጣል መኖሩ ተጋለጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጡ። ጎንደር ላይ በዓይናቸው የተጠረጠሩት እዚያ በደማቸው ተጠረጠሩ። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ በራሳቸው በቤተ እስራኤል መካከል “ጨዋ” እና “ባሪያ” የሚለው የቆየ መስመር ባሕር ተሻግሮ አብሯቸው ገብቷል። መገለልን የቀመሰ ሁሉ ማግለልን ይተዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ማወቅ ያለበት ይመስለኛል።

“የባለሙያዎቹ ዘር ሌላ ነው” ለሚለው የቆየ ማመካኛም መልስ አለ። በኦሞ አካባቢ በሚኖሩት አሪዎች ዘንድ ቀጥቃጮቹና ገበሬዎቹ አይጋቡም፤ የዘረመላቸውም ስብጥር ስለሚለያይ ቀጥቃጮቹ የቀደመ ሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው የሚል ግምት ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ሁለቱ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የተለያዩ መሆናቸውን አሳየ። ልዩነቱን ያመጣው መገለሉ ነው፤ ጥቂት ሰዎች ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ ደማቸው የተለየ መሰለ። “ሌላ ዘር ናቸውና አንጋባም” እየተባለ ስለተኖረ ሌላ ዘር የመሰለ ነገር ተፈጠረ ማለት ነው።

ሕጉ የድርሻውን ሠርቷል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ በራሱ እጅ የሚያርስ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር ድረስ መሬት የመያዝ መብት እንዳለው ሲያውጅ፣ በብዙ ቦታ ባለእጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሳ አገኘ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ምክንያት የሚደረግን ልዩነት ከልክሏል። ፍርድ ቤት ግን የሽማግሌ ጉባኤ ውስጥ አይገባም። ልጅ ሊዳር ሲል አንድ አጎት ጠጋ ብሎ በጆሮ “ሰዎቹን በደንብ አጣርታችኋል?” ይላል። ይህን የሚጠይቀው ያልተማረ ሰው ብቻ ነው ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ዲግሪ ያለውም ይጠይቃል፤ ልዩነቱ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ነው።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ሸማኔውን ማንም በሙያው አይሰድበውም። ከጋሞ ደጋ ወርደው አዲስ አበባ ሽሮሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎች የአገር ልብስ ገበያ አቆሙ፤ ሸማው ከገጠር ጋቢነት ወደ ሠርግና በዓል ክብር ልብስነት፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ላለው ወገናችን የማንነት ምልክትነት ደረሰ። ዛሬም ትርፉን በአብዛኛው የሚያገኘው ሻጩ እንጂ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ የሚሸምነው ሰው አይደለም፤ ይህ ራሱን የቻለ በደል ነው። ስሙ ግን ጸድቷል፤ የጸዳውም የምኒልክ አዋጅ እስራት ተፈርቶ አይመስለኝም፤ ገዢው ልብሱን ለራሱ ክብር ስለፈለገው ነው። እዚያው አዲስ አበባ ቀጨኔ ቁጭ ብላ ጀበና የምታበጀው ሴት ያንን ዕድል ገና አላገኘችም። ጀበናዋ በየሆቴሉ ረከቦት ላይ ያጌጣል፤ ስለ እሷ ግን ዛሬም በሹክሹክታ ይወራል።

የምኒልክ አዋጅ ከተነገረ ከ110 ዓመት በላይ ሆኖታል። እላይ ከጠቀስኳቸው ስድቦች ውስጥ የዛሬ ወጣት ትርጉሙን የሚጠይቀው “ቁቲት” የሚለውን ብቻ ይመስለኛል።