በሚዛን የሚቆጠሩ አቶሞች

በአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ውስጥ፣ 4 ግራም ይመዝናል ብንል፣ 317 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል አቶሞች አሉ። ብዙ ሰው ይህን ግምት ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን እውነተኛ ቆጠራ ነው እላለሁ። የአንዷን ሚስማር ክብደት የሚያውቅ ነጋዴ ኪሎውን መዝኖ የሚስማሮቹን ብዛት እንደሚናገር ሁሉ፣ ኬሚስትም የሚቆጥረው በሚዛን ነው። አንድ የስኳር ሞለኪውል 12 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅንና 11 ኦክስጅን፣ በድምሩ 45 አቶሞች አሉት። የአቶሞቹ ክብደት በቅደም ተከተል 12.011፣ 1.008 እና 15.999 ስለሆነ፣ እያንዳንዱ በብዛቱ ተባዝቶ ሲደመር 342.3 ይሆናል። 342.3 ግራም ስኳር አንድ ሞል ነው ማለት ነው። 4 ግራሙ ለዚህ ሲካፈል 0.01169 ሞል ይሆናል፤ ይህም በአቮጋድሮ ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ሞል ውስጥ ባሉት ቅንጣቶች ብዛት፣ በ6.022 × 10²³፣ ሲባዛ 7.04 × 10²¹ ሞለኪውል ይሰጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል። የተጠየቀው ግን አቶም ነውና በ45 ማባዛት ይቀራል፤ ውጤቱ 3.17 × 10²³ ነው። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ሃይድሮጅን ነው፤ ከክብደቱ የሚይዘው ግን ከመቶ 6.5 እጅ ብቻ ነው። ክብደትና ብዛት ይህን ያህል ይለያያሉ።

«አቶምን ማን ለብቻው መዝኖ ያውቃል?» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። ቪልሄልም ኦስትዋልድን የመሰለ ታላቅ ኬሚስት እንኳ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ የአቶምን መኖር ይጠራጠር ነበር። ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ፔሪን ውሃ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የሙጫ ቅንጣቶችን በማይክሮስኮፕ እየቆጠረ፣ ወደ ላይ በተሄደ መጠን እንዴት እንደሚሳሱ ለካ፤ ከዚያም የአቮጋድሮን ቁጥር አሰላ። ከሰማይ ሰማያዊነትና ከራዲዮአክቲቭ ጨረር የተገኙት ስሌቶችም ወደዚያው ቁጥር አመሩ። እርስ በርስ የማይገናኙ መንገዶች አንድ ቦታ ሲደርሱ፣ ቦታው የለም ማለት ይከብዳል። ኦስትዋልድም በ1909 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ለወጠ። በኋላ ደግሞ ተመራማሪዎች አንድ ኪሎ የሚመዝን ንጹሕ የሲሊከን ሉል ሠርተው፣ በአቶሞቹ መካከል ያለውን ርቀት በኤክስሬይ ለኩ፤ የሉሉን ይዘት ከዚህ ጋር በማነጻጸርም አቶሞቹን ቆጠሩ። ስህተቱ ከአስር ሚሊዮን አንድ እጅ አይሞላም።

ሌላው መቃወሚያ ቁጥሩ በስምምነት የተደነገገ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ከግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ሞል በትክክል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣት ተብሎ ተወስኗል። ድንጋጌው ግን የመጣው ልኬቶቹ ከተስማሙ በኋላ ነው፤ የወሰነውም የሞልን ትርጉም እንጂ የማንኪያውን ይዘት አይደለም። የቀረው ጥርጣሬ ያለው ናሙናው ላይ ነው፤ ስኳሩ ምን ያህል ንጹሕና ደረቅ ነው? ሚዛኑስ ምን ያህል ይታመናል? ግማሽ ግራም የሚስት የጓዳ ሚዛን ወደ 40 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን የሚጠጉ አቶሞችን ያዛባል።